ቤቱ ሁሉ የጾመለት ልጅ

ከሁሉ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እኔ ኳስ አልወድም። ባሌ ደሳለኝ ግን ኳስ ከተባለ እንጀራውን ጥሎ የሚሄድ ሰው ነው። የተጋባን ሰሞን እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ "ስታዲየም ደርሼ መጣሁ" ብሎ ሲወጣ አኮርፈው ነበር። በኋላ ማኩረፉም ሰለቸኝና ተውኩት። ታናሽ ወንድሜ በረከት ለትልቁ ክለብ በቋሚነት ተሰልፎ ሊጫወት ነው የተባለ ቀን ግን፣ ከደሳለኝ ቀድሜ ተነስቼ ልብስ የለበስኩት እኔ ነኝ።

ቤኪ ነው የምንለው። የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ነው። የሀዲያ ሰዎች ነን፤ አባዬ በሹፍርና አዲስ አበባ መጥቶ መካኒሳ አቦ አካባቢ ቤት ሠራና እዚያው ቀረ። እኔ አግብቼ ለቡ መብራት ኃይል ብገባም እግሬ ከእናቴ ቤት ጠፍቶ አያውቅም። በዚያን ሰሞን ከአራስ ቤት ገና መውጣቴ ነው፤ ልጄ ኤልዳና ጡት ላይ ነበረች።

እማዬን ካወቃችሁ ቤታችንን አወቃችሁት ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን መሪ ናት፤ እኛ ቤት ደግሞ ሳይጾምበት የተጀመረ ነገር የለም። አባዬ መንጃ ፈቃዱን ሲያሳድስ ተጾሟል። እኔ ማትሪክ ስፈተን ተጾሟል። ደሳለኝ ሽማግሌ የላከብን ጊዜማ እሱ ሳያውቅ ቤቱ ሁሉ ጾሞ ነበር። "ያኔ እንድመጣ ነው የጾማችሁት ወይስ እንድቀር?" እያለ እስከ ዛሬ ይጠይቃታል። እሷም መልሳለት አታውቅም።

ቤኪ ዓመቱን ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው የከረመው። ውሉ ክረምት ላይ ያልቃል። አሰልጣኙ አንድ ቀን እንኳ ሳያየው ውሉ ካለቀ ወደ ቤት መመለሱ ነው፤ ትምህርቱን ደግሞ ለኳስ ብሎ አቋርጧል። እንደ ዕድል ሆኖ በእሱ ቦታ የሚጫወተው ልጅ ተጎዳና ሐሙስ ዕለት "እሁድ ትገባለህ" ተባለ። ደውሎ ሲነግረን እማዬ ስልኩን እንደያዘች በጉልበቷ ተንበረከከች።

ዓርብ ከእራት በኋላ ሁላችንን ሰበሰበችና አወጀች።

"ከአሁን ጀምሮ እሁድ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ደረቅ ጾም ነው።"

ደረቅ ጾም ማለት ውሃም አይቀመስም ማለት ነው።

አባዬ ደነገጠ። "ኧረ ሴትዮ፣ እኔ እኮ ሽማግሌ ነኝ።"

"ሙሴስ ወጣት ነበር?"

"እማማ፣ እኔ ደግሞ ስደግፍ የምጮህበት ጉሮሮ ያስፈልገኛል" አለ ደሳለኝ።

"ጸጋ ይበዛልሃል" አለችው፤ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። ወደ እኔ ዞረችና "አንቺ ታጠቢያለሽ፤ ብዪ" አለችኝ። እኔም ክርክር አላበዛሁም።

ወዲያው ቤኪ ጋ ደወለች። ልጁ የሚኖረው ክለቡ ካምፕ ውስጥ ነው። ድምፁን ሁላችንም እንድንሰማ አድርጋ ከፈተችው።

"ልጄ፣ ቤቱ ሁሉ ስላንተ እየጾመ ነው።"

"አንቺም?"

"እንዴ! እኔማ መሪዋ ነኝ እንጂ!"

"የግፊት መድኃኒትሽስ?"

"እሱን ለጌታ ተወው። አንተ ግን ብላ። ተጫዋች ነህ፤ አንተን ጾም አይመለከትህም። እሺ?"

"እሺ እማዬ" አለ።

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ብላ ተብሏል። ነገ ማንም እናትየዋን እንዳይወቅስብኝ ነው የማስረግጥላችሁ።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ በኮንትራት ሚኒባስ ሄድን። እኛ ቤተሰቦቹ፣ የደሳለኝ ሁለት ጓደኞች፣ ደግሞ ከእማዬ የጸሎት ቡድን የመጡ እናቶች። እማዬ ስታዲየም ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ጫማዋን አድርጋ፣ ሻርፕ ለብሳ፣ ፊታቸውን ቀለም በተቀቡ ጎረምሶች መሀል ተቀመጠች። ደጋፊው ዳኛውን እያነሳ በዜማ ሲሳደብ ጆሮዋን አቀናች።

"ምንድን ነው የሚሉት?"

"ዳኛውን እያበረታቱት ነው" አላት ደሳለኝ።

"ጎሽ፣ ደግ አደረጉ" ብላ ማጨብጨብ ጀመረች። እኔ በሳቅ ሞትኩ።

ቤኪ ወደ ሜዳ ሲገባ አላወቅኩትም ነበር። ያ ቤት ውስጥ ካልሲውን እየጣለ የሚያስቸግረኝ ልጅ እንዲያ ባለ ሕዝብ ፊት ቀጥ ብሎ ይሮጣል። ደግሞ ተጫወተ! ኳስ ባልወድም ዓይን አለኝ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ከመስመር ያሻገራት ኳስ ጎል ሆነች። እማዬ "ሃሌ ሉያ!" ብላ ስትነሳ አንድ ፊቱን አረንጓዴ የተቀባ ጎረምሳ አቀፋት። ከዚያ በኋላ ግማሽ ጉንጯ አረንጓዴ ሆኖ ነው ጨዋታውን ያየችው።

አንድ ነገር አይቼ ነበር። ጨዋታው በቆመ ቁጥር የቡድኑ ወጌሻ ውሃ ይወረውራል፤ ሌሎቹ ይጠጣሉ፤ ቤኪ ግን ተጉመጥምጦ ይተፋዋል።

"ለምን አይጠጣም?" አልኩት ደሳለኝን።

"አዋቂ ተጫዋች እንደዚያ ነው። ሆድ እንዳይከብድ ይተፉታል።"

እውነት ነው፣ የሚተፉ አሉ። እኔም አመንኩት።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ፀሐዩ ከረረ። አንድ ለባዶ እየመራን ነው። ተጋጣሚዎቹ ነጭ ለባሾች አቻ ለመሆን እየተጣደፉ የእኛን ግብ ከበቡት። ደሳለኝ ጥፍሩን እየበላ "ሰዓቱ አልሄድ አለ" ይላል። ጭማሪ ደቂቃ ሲታይ ቤኪ ከእኛ ፊት ለፊት መስመሩ አካባቢ ነበር። ኳሱ ከእሱ ሩቅ ነው። መጀመሪያ ቆመ። ከዚያ በጉልበቱ ተንበረከከ። ቀጥሎ በግንባሩ ተደፋ። ማንም አልነካውም።

ከወዲያ ማዶ የነጭ ለባሾቹ ደጋፊዎች ፉጨትና ስድብ አወረዱበት። ደሳለኝ ግን ከመቀመጫው ዘለለ።

"ብልጥ! ይሄ ልጅ ብልጥ ነው! ተኛ አትነሳ!"

"ምን ሆነ ልጄ?" አለች እማዬ።

"ምንም አልሆነ እማማ፤ ሰዓት እየገደለ ነው።"

"እንዴት ነው ሰዓት የሚገደለው?"

"እየመራህ ከሆነ ትተኛለህ፤ ሰዓቱ ይሄድልሃል። ሁሉም ያደርገዋል።"

እማዬ ደስ አላላትም። "ውሸት አይደለም እንዴ ታዲያ?" አለች። አባዬ እንኳ "ተይው፣ ሥራው ነው" አላት።

የእኛ ሰዎች ማጨብጨብ ጀመሩ። የጸሎት እናቶችም ነገሩ ባይገባቸውም አጨበጨቡ። እኔ ኤልዳናን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነበር፤ ሁለት እጆቿን ያዝኩና እያጋጨሁ "ጎበዝ አጎቴ በዪ፣ ጎበዝ አጎቴ!" አልኳት። ልጄ በሳቅ ፍርስ አለች።

ዳኛው እየሮጠ መጣ፤ ኪሱ ገባና ቢጫ ካርድ አወጣ። በግንባሩ የተደፋ ልጅ ላይ ካርድ ከፍ አድርጎ ቆመ። ቤኪ አልተነሳም። ከነጭ ለባሾቹ አንዱ፣ ረጅም ተከላካይ፣ ንዴት በንዴት ሆኖ ደረሰ። ሰዓታቸውን የሚበላባቸው መስሎታላ። የወንድሜን ክንድ ጨብጦ ሊያስነሳው ጎተተው። ከዚያ ለቀቀው። ክንዱ ዝም ብሎ ወደቀ።

ያ ተከላካይ ባለበት ደርቆ ቀረ። ወዲያው ተንበርክኮ ቤኪን በጎኑ አዞረው፣ ምላሱ እንዳያፍነው ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ፤ ወደ ወጌሻው ዞሮም ጮኸ። ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ሁለት እጁን ሲያወራጭ ሳይ ግን ገባኝ። ዳኛው ካርዱን ጣለው።

ስታዲየም ሙሉ ሰው ሲጮህ ሰምታችሁ ይሆናል። ስታዲየም ሙሉ ሰው ዝም ሲል ግን አልሰማችሁም፤ አያሰማችሁ። ፉጨቱ ከአንድ ጥግ ጀምሮ እየጠፋ፣ እየጠፋ መጣ። የደሳለኝ እጆች ለጭብጨባ እንደተዘረጉ ቀሩ። የልጄን እጆች አሁንም ይዣቸዋለሁ።

"በኢየሱስ ስም!" አለች እማዬ። ደረጃውን መውረድ ጀመረች። አባዬ ሻርፗን ሲይዛት ሻርፑን ጥላለት ሄደች። አጥሩ ጋ አንድ ፖሊስ ከለከላት፤ እኔ ከላይ ሆኜ "እናቱ ናት! እናቱ ናት!" እያልኩ ጮህኩ፤ ሰዉ ሁሉ ተቀብሎ "እናቱ ናት!" አለ። ፖሊሱ በሩን ከፈተላት። አምቡላንሱ እስኪጠጋ ያ ረጅም ተከላካይ ማልያውን አውልቆ ወንድሜን ከፀሐይ ሲጋርደው አየሁ። ያለቅስ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ቤኪን ውስጥ አስገብተውታል። እኛ ኮሪደሩ ላይ ቆመናል። እማዬ ጉንጯ ላይ ያ አረንጓዴ ቀለም አሁንም አለ፤ ማንም ጥረጊው ሊላት አልደፈረም። አንዲት ወጣት ሐኪም ወጣች።

"ቤተሰቦቹ ናችሁ? መጨረሻ የበላው መቼ ነው?"

እርስ በርስ ተያየን። ወጌሻው "ካምፕ ነው የሚበሉት፤ ሁሉም በልተዋል" አለ።

"የሚወስደው መድኃኒት፣ ሌላ ነገርስ? እውነቱን ንገሩኝ፤ ጊዜ የለንም።"

አባዬ ተቆጣ። "የጌታ ልጅ ነው የኔ ልጅ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?"

በዚህ መሀል ኮሪደሩ ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ሙባረክ ነው፤ የቡድኑ በረኛና ካምፕ ውስጥ የቤኪ ክፍል ተጋሪ። የስልጤ ልጅ ነው፤ እኛ ቤትም ብዙ ጊዜ መጥቶ ያውቃል። ባለ ጥርስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ነው የመጣው።

"ዶክተር፣ ምንም አልበላም" አለ እያለከለከ። "ከዓርብ ማታ ጀምሮ አልበላም።"

"ውሃስ?"

"ውሃም። መጀመሪያ ሆዴን አሞኛል ብሎ ምሳውን ለእኔ ሰጠኝ። ቅዳሜ ሲመሽ ግን እየጾምኩ ነው አለኝ። ለመንኩት እኮ! እኛ እንኳ በረመዳን ፀሐይ ስትጠልቅ እንበላለን፤ ያንተ ምን ዓይነት ነው አልኩት። ለአሰልጣኙ እንዳልናገር ለመነኝ።"

"ለምን ጾመ?" አለች ሐኪሟ።

ሙባረክ እማዬን አየና አንገቱን ደፋ። "እናቴ ሳትበላ እኔ አይወርድልኝም አለኝ።"

እማዬ "ብላ ብዬዋለሁ" አለች በቀጭን ድምፅ። "ብላ ብዬዋለሁ፤ ሁሉም ሰምቷል።"

ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ሰውነቱ ደርቋል፣ ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል፣ የልብ ምቱም ተዛብቷል አለችን። "ይህን ሌሊት ካለፈ ተስፋ አለው" ብላ ተመልሳ ገባች።

እማዬ ወደ አባዬ ዞረች። ንግግሯ የጤነኛ አልነበረም።

"እናንተም ጾማችኋል። እናንተ በእግራችሁ ቆማችኋል። እሱ ወጣቱ ለምን ይወድቃል?"

አባዬ ኮፍያውን አወለቀ። "እኔ… ቅዳሜ ጠዋት ሻይ በዳቦ ቀምሻለሁ።"

"ቀምሰሃል?"

"በልቻለሁ። አናቴን ሲያዞረኝ ጊዜ። ያው እናንተ አላችሁ ብዬ ነው።"

ደሳለኝ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አየሁት። አሥር ዓመት አብሬው ኖሬ እንደዚያ ፊቱ ሲቀላ አይቼ አላውቅም።

"አንተስ?" አልኩት።

"እባክሽ፣ እዚህ ባይሆን…"

"አንተስ ነው የምልህ!"

"ቅዳሜ ምሳ ላይ ጓደኞቼ ብስራተ ገብርኤል ጠሩኝ… ትንሽ ቁርጥ…"

"ቁርጥ?!" ኮሪደሩ አስተጋባ። ያን ቀን ከሰዓት "ጾም ጣለኝ" ብሎ አልጋ ላይ ሲዘረር በጋዜጣ ያራገብኩለት እኔ ነኝ! በጥፊ ላጠናግረው እጄ ተነስቶ ነበር፤ ልጅ ባልይዝ ኖሮ።

"እማማ ስላሉ ነው እኮ" አለ እያለቀሰ። "እሳቸው ከጾሙ ይበቃል ብዬ ነው።"

ሁላችንም እማዬን አየናት። እማዬ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ወንበር ነበረ፤ ወለሉን መረጠች።

"መድኃኒቱ በባዶ ሆድ አይሆንልኝም" አለች። "ቅዳሜ ጠዋት አጥሚት ጠጣሁ። ማታም። ዛሬም ጠዋት ትንሽ ፍርፍር… እናንተ ትጾሙልኛላችሁ ብዬ።"

"ታዲያ ማን ነው የጾመው?!" ብዬ ጮህኩ። ነርሷ ብቅ ብላ ዝም በይ አለችኝ። እኔ ግን ደግሜ ጮህኩ፤ "ይህን ጾም ማን ነው የጾመው?"

የጾመው ሰው ከበሩ ወዲያ ተኝቷል። ከእኔ በቀር ከመሀላችን "አንተ ብላ" የተባለው እሱ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ነቃ። ሁለት ሰው ግቡ ሲሉን እማዬን ደግፌ ገባሁ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ አንገቱ ላይ ቱቦ ተሰክቷል። ስለ ጨዋታው ይጠይቃል ብዬ ነበር። እማዬን ፈልጎ አያትና፦

"በላሽ?" አላት።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንድትዋሽ ፈለግኩ። "አዎ ልጄ፣ አሁን በላሁ" ብላ ብታልፈው ብዬ ክንዷን ጨበጥኳት። አልሰማችኝም።

"በልቻለሁ ልጄ። ቅዳሜም በልቻለሁ። እሁድም በልቻለሁ። አባትህም ደሳለኝም በልተዋል። ቤቱ ሁሉ ስላንተ እየጾመ ነው ያልኩህ ውሸት ሆኗል።"

ቤኪ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሳምንታት ኩላሊቱ በማሽን ታጠበ፤ እግዚአብሔር ይመስገን በኋላ ተመለሰለት። ክለቡ ግን ክረምቱ ሲገባ ውሉን አላደሰለትም። አልፈረድኩባቸውም። አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀመጠ። አሁን ታች ሊግ ላለ አንድ ክለብ ይጫወታል፤ እንደ ድሮው አይሮጥም፤ ግን ይጫወታል።

እማዬ ከሆስፒታል እንደወጣን በነበረው እሁድ ከጉባኤው ፊት ቆማ፣ ምንም ሳትሸፍን፣ ይህን እኔ የነገርኳችሁን ሁሉ ተናገረች። የጸሎት ቡድኑን መሪነትም አስረከበች። አንዳንዱ አለቀሰ፤ አንዳንዱ ደግሞ "ምነው ገበናዋን ባታወጣው" ብሎ አማት። እኔ ከዚያ ቀን በላይ አክብሬያት አላውቅም። መጾሟን አልተወችም፤ ጾማ ሳለ ግን ለማንም አትናገርም።

እኔስ? እኔን "ሁላችንም" የሚባል ቃል ያስደነግጠኛል። እናንተ ቤትም ይኖራል። ሁላችንም እናስታምመዋለን፣ ሁላችንም እንጠይቃታለን፣ ሁላችንም እንጸልይለታለን። እስኪ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ በስም በስም ጠይቁ። ማን ነው የሄደው? ማን ነው የደወለው? ምናልባት አንድ ሰው ብቻ የሁላችሁን ተሸክሞ እየተንገዳገደ ይሆናል፤ እሱም ብዙ ጊዜ ዝምተኛው ነው። ደግሞ በመድኃኔዓለም፣ እኔ በእሱ ባልምልም እናንተ ለምትምሉ ልማልላችሁ፣ ሰው ወድቆ ካያችሁ አስመሳይም ቢመስላችሁ ቀርባችሁ እዩት። ያ ነጭ ለባሽ ልጅ ተናዶም ቢሆን ቀርቦ ነው ወንድሜን ያተረፈልኝ። እኛ የምንወደው ሰዎች ርቀን ቆመን እናጨበጭብ ነበር።

ባለፈው ቤኪ ለልምምድ ሊወጣ እናቴ ቤት በር ላይ ጫማውን እያሰረ ሳለ፣ እማዬ ስንት ጊዜ ልትጠይቀው ፈልጋ የፈራችውን ጠየቀችው።

"ተቀይመኸኛል አይደል? እኔ ያልጾምኩትን ጾም አስጀምሬህ፣ ጨዋታህን አሳጣሁህ።"

ቤኪ ማሰሪያውን ሳይጨርስ ቀና አለ። የገረመው ይመስል ነበር።

"ለጨዋታው ብዬ የጾምኩ መስሎሽ ነው እንዴ?"

"ታዲያ ለምንድን ነው?"

"አንቺ ብቻሽን እንዳትራቢ ብዬ ነው እንጂ" አላት።